የሸክላ ቅርጽ ምስል ለሕንፃ፦ ከአፈር ሙከራ እስከ ግድግዳ

ይህ መመሪያ ጥሬ ሸክላ ደርድሮ ምስል ለሚቀርጽ፣ ከዚያም አፍርሶ፣ አድርቆና አቃጥሎ በመሥሪያ ቤት ወይም በኩባንያ ሕንፃ ላይ መልሶ ለሚገነባ ቡድን ነው። እቶን ውስጥ የሚፈነዳው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው፣ ሲገጠም ዐይኑና አፍንጫው የማይገናኝለት ሥራ ከሞላ ጎደል መነሻው አንድ ነው፦ ውሃው ከሸክላው እንዴት እንደሚወጣና ሸክላው ምን ያህል እንደሚያጥር አስቀድሞ አልተለካም። ስለዚህ መቅረጫ ከማንሳታችሁ በፊት ያለው ክፍል ረዘም ብሏል። አትዝለሉት።

ለምሳሌ የያዝነው 4 ሜትር በ2.45 ሜትር የሆነ ምስል ነው። ተቃጥሎ ያለቀው ሸክላ 24 ሳ.ሜ. ርዝመት፣ 12 ሳ.ሜ. ጥልቀት፣ 6 ሳ.ሜ. ቁመት አለው፤ መጋጠሚያው 1 ሳ.ሜ. ነው። በአንድ ረድፍ 16 ሸክላ፣ 35 ረድፍ፣ በድምሩ 560 ሸክላ ይወጣል።

ደረጃ 1፦ ውሉና ግድግዳው

*ጊዜውን ቁረጡ።* ከአፈር ሙከራ እስከ መጨረሻው ጽዳት ከአራት እስከ አምስት ወር ጠይቁ። ደንበኛው «ለምረቃው ይድረስ» ማለቱ አይቀርም፤ ያ ቀን ቢገፋ የሚጎዳው ፕሮግራሙ ነው፣ እርጥብ ሸክላ እቶን ቢገባ ግን የሚጠፋው ሥራው ሁሉ ነው። በደሴና በአካባቢው መስከረም መጨረሻ ላይ ጀምሩ። እስከ ጥር ተቃጥሎ ካለቀ የበልጉ ዝናብ ሳይደርስ ይገጠማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ያለ ዝግ ቤትና ያለ ሙቀት ማድረቅ አይታሰብም።

*ክፍያውን በአራት ከፍሉ።* ቅድመ ክፍያ፣ ሁለተኛው ቅርጹ በጥሬው ሲጸድቅ፣ ሦስተኛው ተቃጥሎ ሲወጣ፣ የመጨረሻው ሲገጠም። ሁለተኛውን በምንም ምክንያት አትተዉት። ኮሚቴው ወደ መሥሪያ ቦታው መጥቶ፣ ጥሬው ግድግዳ ፊት ቆሞ አይቶ ይፈርም። «የእናትየዋ ፊት ትንሽ ፈገግ ቢል» የሚለው አስተያየት በዚያ ቀን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ከተቃጠለ በኋላ መልስ የለውም።

*የድርጅቱን አርማ ከምስሉ ጋር አታዋሕዱ።* ኩባንያ አርማውን ይለውጣል። አርማውንና ስሙን ለብቻው በሚነሳ ሰሌዳ ላይ ሥሩት፣ ወይም ከምስሉ ጠርዝ ላይ ራሱን ችሎ እንዲቆም አድርጉ።

*ከሕንፃው መሐንዲስ ጋር ተነጋገሩ።* ይህ ምስል ከ2 ቶን በላይ ይመዝናል። የራሱ መሠረት ወይም የሚሸከመው የአርማታ ትራቬ (አግዳሚ) ያስፈልገዋል፤ በተለሰነ ብሎኬት ላይ ተለጥፎ አይቆምም። ወሎ የስምጥ ሸለቆው አፋፍ ላይ ነው፤ በ1953 ዓ.ም. የካራ ቆሬው መሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ያፈረሰው ከዚህ ብዙም በማይርቅ ቦታ ነው። ስለዚህ ምስሉን ከኋላው ግድግዳ ጋር የሚይዘው ብረት ከንድፉ ጋር አብሮ ይጽደቅ።

*ብርሃኑን እዩ።* ቅርጽ የሚታየው ብርሃን ከጎን ወይም ከላይ ሲፋቅበት ነው። ወደ ሰሜን የዞረ ግድግዳ እዚህ ፀሐይ የሚያገኘው በዋናነት ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ያውም ከግማሽ የሚበልጠው ጊዜ ክረምትና ደመና ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከተሰጣችሁ ቅርጹን በጥልቀት ሥሩት፣ ከላይ የሚወርድ መብራትም በውሉ ውስጥ አስገቡ።

ደረጃ 2፦ አፈሩን መፈተን

ዋልካ አፈር ብቻውን አይሆንም። ሲረጥብ በኃይል ያብጣል፣ ሲደርቅ ይተረተራል። ቀይ ሸክላ አፈር ፈልጉ፤ ሸክላ የሚሠሩ እናቶች ከየት እንደሚቆፍሩ ጠይቁ፣ እነሱ የሚመርጡት አፈር ተፈትኖ ያለቀ ነው። ከ100 ክፍል አፈር ጋር ከ15 እስከ 20 ክፍል የገል (የተሰበረ የተቃጠለ ሸክላ) ዱቄት ቀላቅሉ። ገሉን ወቅጣችሁ በ2 ሚ.ሜ. ወንፊት አሳልፉት። ገል የማጠሩን መጠን ይቀንሳል፣ ውሃውም መውጫ መንገድ ያገኛል።

1. *የኖራ ሙከራ።* በደረቅ የአፈር ዱቄት ላይ ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ጠብ አድርጉ። ከተንፈቀፈቀ ኖራ አለበት። የኖራ ጠጠር እቶን ውስጥ ምንም አይልም፤ ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። ሸክላው ከወጣ ከቀናት በኋላ ከአየር እርጥበት ስቦ ያብጥና ፊቱን ይገፈትረዋል። ሽንብራ የምታህል ነጭ ነጥብ፣ ዙሪያዋን የተቦደሰ ጉድጓድ፤ ያ ጉድጓድ ጉንጭ ላይ ቢወጣ ፊቱ አለቀ። ትንሽ ብቻ ከተንፈቀፈቀ አፈሩን በውሃ አቅጥናችሁ በ1 ሚ.ሜ. ወንፊት አጥሉት። ብዙ ከሆነ ሌላ አፈር ፈልጉ።

2. *የማጠር ሙከራ።* ከድብልቁ 14 በ4 በ2 ሳ.ሜ. የሆኑ አሥር ቁራጮች ሥሩ። በእያንዳንዱ ላይ ልክ 10 ሳ.ሜ. መስመር በቢላዋ ጫሩ። መስመሩን ሦስት ጊዜ ለኩ፦ ጠፈፍ ሲል፣ ጨርሶ ሲደርቅ፣ ተቃጥሎ ሲወጣ። በምሳሌያችን 9.6፣ 9.2 እና 9.0 ሳ.ሜ. ወጥቷል እንበል። ጠቅላላው ማጠር ከመቶ 10 ነው፤ ቅርጽ ከሚሠራበት ከጠፈፍ ሁኔታ እስከ ተቃጠለው ደግሞ 9.6 ሲካፈል ለ9.0፣ ማለትም 1.067 ነው። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ሥራው ሁሉ በእሱ ይባዛል።

3. *የጨው ሙከራ።* የተቃጠለውን ቁራጭ 2 ሳ.ሜ. ጥልቀት ባለው የዝናብ ውሃ ላይ ለሰባት ቀን አቁሙት። ከላይ ነጭ ብናኝ ካወጣ አፈሩ ጨው አለው፤ ምስሉም እንዲሁ ነጭ ያወጣል።

ከአሥሩ ቁራጮች ከሁለት በላይ ከተሰነጠቁ ገሉን በ5 ክፍል ጨምሩና እንደገና ፈትኑ።

ደረጃ 3፦ ጥሬውን ሸክላ ማዘጋጀት

የፋብሪካ ሸክላ ቀዳዳ ስላለው ለዚህ አይሆንም፤ ድፍን ያስፈልጋል። በእንጨት ቅርጽ ማውጫ ሥሩ። ከመቶ 10 ለሚያጥር አፈር የማውጫው ውስጥ ልክ 26.7 በ13.3 በ6.7 ሳ.ሜ. ነው። ከግድግዳው ወደ ውጭ ለሚወጣ አካል ጥልቀቱ 20 ሳ.ሜ. የሆነ ሌላ ማውጫ አዘጋጁ፤ ተቃጥሎ 18 ይሆናል።

- ጭቃውን ውሃ አጠጥታችሁ በላስቲክ ሸፍናችሁ ቢያንስ አሥር ቀን አሳድሩት፣ ከዚያ በእግር እርገጡት። በሽቦ ስትቆርጡት ውስጡ የአየር ቀዳዳ ካሳየ እንደገና ርገጡ።
- ወደ 2 ሜትር ኩብ የተረገጠ ጭቃ ይበቃል።
- 560 ቢያስፈልግም 640 አውጡ። ትርፉ እንደ ሌላው እኩል የጠፈፈ መሆን አለበት፤ በላስቲክ ጠቅልላችሁ እስከ መጨረሻው ቃጠሎ ድረስ አቆዩት። አንድ ሸክላ ሲሰበር ምትኩን የምትቀርጹት ከዚህ ነው።

ሸክላው መቼ ጠፈፍ አለ ይባላል? አውራ ጣት በኃይል ሲጫነው ጥቂት ምልክት ይቀራል፣ ጣት ላይ ግን አይጣበቅም። በቢላዋ ሲቆረጥ እንደ ጠንካራ አይብ ለስላሳ ፊት ይሰጣል። ቢላዋው ጭቃውን የሚጎትት ከሆነ ገና ነው፤ ፍርፍር የሚል ከሆነ አልፎበታል። ኮምቦልቻ ከደሴ ዝቅ ያለና ሞቅ ያለ ስለሆነ እዚያ ነፋሱ ጠርዙን ቀድሞ ያደርቀዋል፤ የተደረደረውን በእርጥብ ማዳበሪያ ሸፍኑ። በደጋው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ደግሞ ማታ ውርጭ እንዳይነካው ቤት ውስጥ ይደር። ውርጭ የነካው ጥሬ ሸክላ ውስጡ ተላልጦ ይቀራል።

ደረጃ 4፦ ንድፉን ከረድፉ ጋር ማስማማት

ንድፉን በ1.067 አባዝታችሁ በሙሉ መጠን በወረቀት ላይ ሣሉ፤ 4 ሜትሩ 4.27 ሜትር ይሆናል። ከዚያ የሸክላውን መጋጠሚያ መስመር በሌላ ቀለም ከላዩ ላይ አስምሩ።

አሁን መስመሮቹ የት እንደሚያልፉ እዩ። የባቲ ሰኞ ገበያ ምስል ላይ የግመሉ ዐይን መጋጠሚያ ላይ ቢወድቅ ዐይኑ በሲሚንቶ ለሁለት ይከፈላል፣ ግመሉም የታመመ ይመስላል። መላውን ንድፍ 3 ሳ.ሜ. ከፍ ወይም ዝቅ ብታደርጉት ዐይኑ ሸክላው መሐል ላይ ያርፋል። ዐይን፣ የአፍ ዳርና የጣት ጫፍ መጋጠሚያ ላይ አይውደቁ። አንገት፣ ክንድ፣ የሸማ እጥፋት ግን መጋጠሚያ ቢያቋርጣቸው አይከፋም።

ፊደል የሚጻፍ ከሆነ ቁመቱ ከሦስት ረድፍ፣ ማለትም ከ20 ሳ.ሜ. አይነስ። የመስመሩ ውፍረት ከ1.5 ሳ.ሜ. ካነሰ ሲደርቅ ይቆረጣል፤ እንደ «ጨ» እና «ቋ» ያሉትን መጀመሪያ ሞክሩ፣ የሚጠቡት እነሱ ናቸውና።

ደረጃ 5፦ መቅረጫውን ግድግዳ መደርደር

1. ከሞራሌና ከወፍራም ጣውላ ጠንካራ ድጋፍ ሥሩ። ወደ ኋላ በአንድ ሜትር ቁመት ከ5 እስከ 7 ሳ.ሜ. ያዘንብል። ወለሉ በውሃ ልክ ይረጋገጥ።
2. በየረድፉና ጎን ለጎን ባሉት ሸክላዎች መካከል 11 ሚ.ሜ. ውፍረት ያላቸው የእንጨት ዘንጎች አስገቡ፤ ይህ ወደፊት ሲሚንቶ የሚይዘው ቦታ ነው። ዘንጎቹን በቀጭን ላስቲክ ጠቅልሉ፣ አለዚያ ከሸክላው ጋር ይጣበቃሉ። ክፍተቱን ሳትተዉ ብትቀርጹ 35 ረድፍ ሲገጠም እያንዳንዱ መስመር በ1 ሳ.ሜ. ይዘላል።
3. ረድፎቹን እያጠላለፋችሁ ደርድሩ፤ ሙሉ በሆነው ረድፍ 16፣ በሚቀጥለው 15 ሙሉና በሁለቱ ጫፍ ግማሽ።
4. 35ቱን ረድፍ በአንዴ አትቆልሉ። ክብደቱ ወደ 3 ቶን ስለሚጠጋ ከታች ያለው ይጨፈለቃል። መጀመሪያ 18 ረድፍ ቀርጹ፤ ስታፈርሱ የላይኞቹን ሁለት ረድፎች አስቀሩና ለሚቀጥለው ክፍል መነሻ አድርጓቸው። መስመሩ የሚቀጥለው በእነሱ ነው።

ከታች ያለው ሸክላ ማበጥ ከጀመረ ወዲያው ከላይ አንሱ፤ ገና እርጥብ ነው ማለት ነው። አንድ ቀን ተዉት።

ደረጃ 6፦ መቅረጽ

መሣሪያው ቀላል ነው፦ ታጥፎ በእንጨት እጀታ የታሰረ ሽቦ በሦስት መጠን፣ ስለታም ቢላዋ፣ የተሰበረ የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ፣ የቀርከሃ እንጨት፣ ስፖንጅ፣ ውሃ መርጫ።

ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አጥብቃችሁ ስቀሉና ዋና መስመሮቹን በሚስማር ወግታችሁ አሳልፉ። ከዚያ ቅደም ተከተሉ አይዛባ፦

1. የጀርባውን ጥልቀት መላው ግድግዳ ላይ አውርዱ። ከ4 ሳ.ሜ. አይበልጥ።
2. ትላልቅ ቅርጾችን ከላይ ወደ ታች አዙሩ። ፊት ላይ ቶሎ አትግቡ፤ ፊት የሚሠራው አንገቱና ትከሻው ከተቀመጡ በኋላ ነው።
3. ማታ መብራት ከጎን አብርታችሁ ከ8 ሜትር ርቀት እዩ። ከቅርብ ያማረ ቅርጽ ከርቀት ጠፍጣፋ ሆኖ ከታየ ጥልቀት ጨምሩ እንጂ መስመር አትጨምሩ።
4. ዝርዝሩን፣ ሹሩባውን፣ የአንገት ንቅሳቱን፣ የመሶቡን ስፌት በመጨረሻ።

ሁልጊዜ ጠብቁ፦ የትኛውም የሸክላው ክፍል ከ3 ሳ.ሜ. አይሳሳ። ወደ ላይ የተመለከተ ጠፍጣፋ ቦታ ሁሉ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ውሃ የሚያቁርበት እጥፋት ከጥቂት ክረምት በኋላ ይላጣል። ጎልቶ የሚወጣ አፍንጫ ወይም የግመል ሻኛ ሥሩ ከጫፉ ይወፍር።

ማታ ስታቆሙ ግድግዳውን በላስቲክ ሸፍኑ፣ እርጥብ ማዳበሪያ ግን ቅርጹን እንዳይነካ። ጠዋት የደረቀ ጠርዝ ካገኛችሁ ውሃ አትደፉበት፤ በመርጫ ርጩና ለሁለት ሰዓት ሸፍኑ።

ደረጃ 7፦ ቁጥር መስጠትና ማፍረስ

ከማፍረስ በፊት በደንብ ፎቶ አንሱ፤ ሙሉውን፣ ከዚያም በአራት በአራት ረድፍ። ቁጥሩ በሸክላው የላይኛው ገጽ ላይ ይወጋ፤ ሲሚንቶ ይሸፍነዋል። «7-12» ማለት ከታች 7ኛ ረድፍ፣ ከግራ 12ኛ ሸክላ ነው። በእንጨት ጫፍ 3 ሚ.ሜ. ወግታችሁ ጻፉት፤ ቀለምና እርሳስ እቶን ውስጥ ይጠፋል። አንድ ሰው ያፍርስ፣ አንድ ሰው ቁጥሩን ይወጋ፣ አንድ ሰው በመዝገብ ይጻፍ።

18 ሳ.ሜ. ለሚሆኑት ጥልቅ ሸክላዎች ከጀርባቸው 2 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አውጡ፤ ከፊት ቢያንስ 4 ሳ.ሜ. ይቅር። እርጥበቱ ይወጣበታል፣ ሲሚንቶውም ይነክስበታል።

ደረጃ 8፦ ማድረቅ

ቦታው ጥላ ያለበት፣ ነፋስ በቀጥታ የማይገባበት ይሁን። ሸክላዎቹን በጣውላ ፍርግርግ ላይ 3 ሳ.ሜ. እያራራቃችሁ ደርድሩ።

- ከቀን 1 እስከ 5፦ ላስቲክ ለቀቅ አድርጋችሁ ሸፍኑ፤ በየጠዋቱ አንሱና ጠብታውን አራግፉ።
- ከቀን 6 እስከ 12፦ ጎኖቹን ክፈቱ። በየሁለት ቀኑ አገላብጡ።
- ከቀን 13 ጀምሮ፦ ክፍት። በድምሩ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት፤ ደሴ ጭጋግ ከያዛት አምስት።

አፍንጫና ጣት የመሳሰለውን ቀጭን ጫፍ ለብቻው በላስቲክ ቁራጭ ጠቅልሉት፤ ከወፍራሙ ቀድሞ ከደረቀ ይቆረጣል። ደረቀ የሚባለው በዐይን አይደለም። አምስት ሸክላ መርጣችሁ በየቀኑ መዝኑ፤ ሦስት ቀን በተከታታይ ክብደቱ ካልቀነሰ ደርቋል። ጉንጭ ላይ ስታስጠጉት የሚቀዘቅዝ ከሆነ ውሃ አለው።

*ሲሰነጠቅ።* ገና ጠፈፍ ባለበት ጊዜ ከሆነ ስንጥቁን ከፈት አድርጉ፣ ከራሱ አፈር በኮምጣጤ የተለወሰ ወፍራም ጭቃ አስገቡ፣ በእንጨት ጠቅጥቁ። ከደረቀ በኋላ ከሆነ እርጥብ ጭቃ አይይዝም፤ ከትርፉ አዲስ ቀርጹ። ደረቅ ሸክላ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፉ፤ ብናኙ ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ስፖንጅ አስተካክሉ።

ደረጃ 9፦ ማቃጠል

ክፍት ቁልል ለተራ ሸክላ ይበቃል፤ ለምስል ግን እሳቱ ስለማይመጣጠን ዝግ እቶን ያስፈልጋል። ከሸክላ አምራች እቶን ተከራይታችሁ ከሆነ የተቀረጸውን መሐል አድርጉ፣ ተራ ሸክላ ደግሞ ወደ እሳቱ አፍ። ፊት ለፊት አታነካኩ። ሙቀቱን በቴርሞካፕል (የእቶን ሙቀት መለኪያ) ለኩ።

1. *እስከ 120 ዲግሪ፦ ከ15 እስከ 18 ሰዓት።* ጭስ መውጫው ክፍት፣ እሳቱ ትንሽ። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ስለዚህ 80 ላይ ቢያንስ ስድስት ሰዓት አቁሙ። መውጫው ላይ ቀዝቃዛ መስታወት አስጠጉ፤ መስታወቱ ጤዛ እስከያዘ ድረስ ከዚህ አትለፉ። ብዙዎች ሸክላ የሚፈነዳባቸው እዚህ ነው።
2. *ከ120 እስከ 500፦* በሰዓት ከ50 እስከ 60 ዲግሪ።
3. *ከ500 እስከ 650፦* በሰዓት 30 ዲግሪ። 573 ላይ በአፈሩ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ድንገት ያብጣል፤ ፍጥነት እዚህ ፀጉር የሚመስል ስንጥቅ ያመጣል።
4. *ከ650 እስከ 950፦* በሰዓት ከ80 እስከ 100። 950 ላይ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት አቆዩ።
5. *ማቀዝቀዝ፦* አፉን ሁሉ በጭቃ ድፈኑ። ሁለት ወይም ሦስት ቀን። ከ100 ዲግሪ በታች ሳይሆን አትክፈቱ። ወደ ታች ሲወርድም 573ን ያልፋል፤ በር ገርበብ ማድረግ እዚያ ላይ ሥራ ያበላሻል።

«ጥ» የሚል ፍንዳታ ከሰማችሁ እሳቱን ወዲያው ቀንሱ፣ መውጫውን ክፈቱ፣ ለሦስት ሰዓት በነበረበት ያዙ።

በአንድ ቃጠሎ ካልበቃ ቀለሙ ይለያያል። ፊትና እጅ የያዙትን ሸክላዎች በአንድ ቃጠሎ፣ በእቶኑ አንድ ቦታ አቃጥሉ፤ የጀርባውን ግን ከሁሉም ረድፍ ቀላቅላችሁ በየቃጠሎው በትኑት። አለዚያ ግድግዳው መሐል ላይ እንደ ቀበቶ ያለ መስመር ይወጣል። ሲወጣ በሌላ ሸክላ መታ አድርጉ፤ ጥርት ያለ ድምፅ በስሎ ሲወጣ፣ የታፈነ ድምፅ ስንጥቅ ሲኖረው ነው።

ደረጃ 10፦ መግጠም

በመጀመሪያ መሬት ላይ አሸዋ አልብሳችሁ ሙሉውን ያለ ሲሚንቶ ዘርጉ። ለኩ። 4.00 መሆን ሲገባው 3.97 ከመጣ ከጎን ለጎኑ መጋጠሚያ በእያንዳንዱ 2 ሚ.ሜ. ጨምሩ። ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ሚ.ሜ. ውስጥ እስከሆነ ድረስ ዐይን አያየውም።

- *መሠረት፦* ከመሬት 15 ሳ.ሜ. ከፍ ይበል፣ በላዩ ካትራሜ (ሬንጅ) ወይም ወፍራም ላስቲክ ይነጠፍ። እርጥበት ከሥር ከሳበ ምስሉ ከታች ጀምሮ ነጭ ያወጣል።
- *ከኋላው ግድግዳ ጋር፦* 2 ሳ.ሜ. ክፍተት ተዉ። ዝገት የማይነካው 4 ሚ.ሜ. ሽቦ በየ45 ሳ.ሜ. ወደ ጎን፣ በየስድስት ረድፍ ወደ ላይ ያያይዝ።
- *ሞርታር፦* 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ። ሲሚንቶ ማብዛት ጥንካሬ የሚመስላቸው ግንበኞች አሉ፤ ከሸክላው የጠነከረ ሞርታር ግድግዳው ሲንቀሳቀስ ሸክላውን ይሰነጥቃል። አሸዋውን በ3 ሚ.ሜ. ነፉ። በጠርሙስ ውሃ ውስጥ አናውጣችሁ አሳድሩት፤ ከላይ የተኛው ደለል ከአሸዋው ከመቶ 6 ከበለጠ እጠቡ።
- *ሸክላው፦* ከመገጠሙ በፊት አምስት ደቂቃ ውሃ ውስጥ ይግባና ላዩ ይጠፍፍ። ደረቁ የሞርታሩን ውሃ ይጠጣዋል።
- *ቁመት፦* በቀን ከ1.2 ሜትር አይለፍ። በየረድፉ ውሃ ልክ፣ በየሦስት ረድፍ ቱንቢ።
- *ከታች ረድፍ፦* በየ75 ሳ.ሜ. አንድ የቁም መጋጠሚያ ያለ ሞርታር ክፍት ይቅር፤ ከኋላ የገባ ውሃ የሚወጣበት ነው።
- *ከላይ፦* ከምስሉ 5 ሳ.ሜ. ወደ ውጭ የሚወጣ ክዳን፣ ከሥሩ የውሃ ማንጠባጠቢያ ጎድጓዳ ያለው።

መጋጠሚያው በአውራ ጣት ሲነካ ምልክት መያዝ ሲጀምር 3 ሚ.ሜ. ገባ አድርጋችሁ አለስልሱት፣ የቅርጹን ከፍታና ዝቅታ እየተከተላችሁ። ፊቱ ላይ የወደቀ ሞርታር በእርጥቡ አይጠረግ፤ ይቀባበታል። ጠፈፍ ሲል በእንጨት አንሱ፣ በደረቅ ብሩሽ ጥረጉ።

ከተገጠመ በኋላ

በአሲድ አትጠቡ። መጋጠሚያውን ይበላል፣ ሸክላው ላይም ቢጫ ወይም አረንጓዴ እድፍ ይተዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ነጭ ብናኝ ቢወጣ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጥረጉት፤ በውሃ ከታጠበ ጨው ቀልጦ ይገባና እንደገና ይወጣል። ቫርኒሽ አትቀቡ፣ እርጥበት ውስጥ ይታፈናል። ብናኙ ከሁለት ወር በኋላም ካላቆመ ውሃ ከኋላ ወይም ከላይ እየገባ ነው፤ ክዳኑንና አሸንዳውን ፈትሹ።

አንድ ሸክላ ቢሰበር ዙሪያውን መጋጠሚያ በትንሽ ግራይንደር ቆርጣችሁ አውጡ፣ ከትርፉ ተቀርጾ የተቃጠለ ምትክ አስገቡ። ለዚህ ሲባል ከምስሉ ጋር አብረው የተቃጠሉ አሥር ያህል ያልተቀረጹ ሸክላዎች፣ የቁጥሩ መዝገብና ፎቶዎቹ ከቁልፍ ጋር አብረው ለሕንፃው ጥገና ክፍል በፊርማ ይሰጡ።